ጠመንጃ ጥይት የሚጎርስበትና ቀለህ የሚተፋበት ሥርዓት

በጦር መሣሪያ ምዝገባ፣ ርክክብና ጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ሁሉም የውትድርና ሙያ ያላቸው አይደሉም። ሆኖም በጠረጴዛቸው ላይ የሚቀርበው ጠመንጃ በሆዱ ጥይት ይኑረው አይኑረው፣ በእጅ የሚጎርስ ይሁን ራሱን በራሱ የሚያጎርስ፣ መለያ ቁጥሩስ በየትኛው አካሉ ላይ መፈለግ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ይጠበቅባቸዋል። ለዚህ ሲባል የጠመንጃን ታሪክ በሙሉ ማጥናት አያስፈልግም። ጥይቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ከተተኮሰ በኋላም ባዶው ቀለህ በምን ኃይል እንደሚወጣ መረዳት ለአብዛኛው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የሰጣቸው ቃላት ከማዕድ የተወሰዱ መሆናቸው የሚያስገርም ነው። ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ተኳሹ ያጎርሰዋል፤ ባዶውን ቀለህም ይተፋል። «አቀባበለ» የሚለው ግሥ ደግሞ ከሁሉም የረቀቀ ነው። ካዝናው ጥይቱን ያቀርባል፣ መዝጊያው ከካዝናው ይቀበላል፣ ማደሪያው ከመዝጊያው ይረከባል፤ ቃሉ የሚናገረው ይህንኑ የእጅ በእጅ ርክክብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማደሪያ የምንለው ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት የሚያርፍበትን የአፈሙዝ የኋላ ክፍል ሲሆን፣ መዝጊያ የምንለው ደግሞ ማደሪያውን ከኋላ የሚደፍነውን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰውን ብረት ነው።

ከአፈሙዝ ወደ ኋላ

ለብዙ መቶ ዓመታት ጠመንጃ የሚጎርሰው በፊት በኩል ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ ጫፍ ያፈሳል፣ አረሩን ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቀዋል፣ ከዚያም መለኮሻውን ያዘጋጃል። በዚህ አሠራር የሚወጣ ቀለህ የለም፤ ባሩዱ ሲቃጠል የሚቀረው ጥላሸት ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም የሚጎርሰው ከፊት ነበር።

የአሠራሩ ጉድለት በአገራችን በግልጽ የታየው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ በተደረገው ውጊያ ነው። የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው ስናይደር የተባለው ጠመንጃ፣ በአገራችን ሰናድር እየተባለ የተጠራው፣ ከኋላ የሚጎርስ ነበር። በጎኑ የሚከፈት ማጠፊያ ያለው መዝጊያ ይነሣል፣ ጥይቱ ይገባል፣ መዝጊያው ይመለሳል። ከተኩሱ በኋላ መዝጊያው ተከፍቶ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለሁን ከማደሪያው ያላቅቀዋል፤ ነገር ግን ወደ ውጭ አይወረውረውም። ተኳሹ ጠመንጃውን ገልብጦ ቀለሁን ያራግፈዋል። ዛሬ ስናየው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ከፊት ጎራሽ ጠመንጃ ከያዘው ወገን ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ በእያንዳንዱ ደቂቃ ብዙ ጥይት ነበር፤ ከኋላ የሚያጎርስ ወታደርም ቆሞ ዘንግ መጠቅጠቅ ስለማያስፈልገው ተንበርክኮና ተኝቶ መተኮስ ይችላል።

ከኋላ ማጉረስን ያስቻለው ከመዝጊያው ይልቅ ቀለሁ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት የናሱን ቀለህ ለጥጦ ከማደሪያው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ በዚህም የጋለው ጋዝ በተኳሹ ፊት ላይ እንዳይወጣ ይደፍነዋል። ግፊቱ ሲበርድ ናሱ ጥቂት ይሸበሸብና ከግድግዳው ይላቀቃል። ቀለህ የማውጣት ሥርዓት ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ጥቂት መሸብሸብ ላይ ነው። ቀለሁ ካልተሸበሸበ፣ ማደሪያው ከዛገ ወይም ከቆሸሸ፣ ጠመንጃው የጎረሰውን መትፋት ያቅተዋል።

የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም ጉንደትና ጉራ ላይ ድል ሲሆን በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ የገባው ሬሚንግተን ይህን አሠራር አንድ ደረጃ ያሳደገ ነበር። ተኳሹ በአውራ ጣቱ በመጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥሎም መዝጊያውን ወደ ኋላ ያንከባልላል፤ ማደሪያው ሲከፈት ቀለሁ ይሳባል። አዲሱ ጥይት ከገባና መዝጊያው ከተመለሰ በኋላ፣ መዶሻው በሚወርድበት ቅጽበት ራሱ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ይቆልፈዋል። ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂቶች በመሆናቸው ጥገናው ቀላል ነበር።

በስፋት የታወቀው ግን ውጅግራ ነው። ስሙ ፈረንሳዮች ጠመንጃ ለማለት ከሚጠቀሙበት ቃልና እ.ኤ.አ በ1874 ይህን መሣሪያ ካሠራው መኮንን ከግራ ስም ተጋጥሞ የተገኘ ነው። ጠመንጃው 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። እጀታው ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲሳብ፣ በመዝጊያው ጫፍ ላይ ያለች የብረት ጥፍር የቀለሁን ከንፈር ቆንጥጣ ታወጣዋለች። ይህች ጥፍር እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው ጠመንጃና ሽጉጥ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አንባቢ ቢያስታውሳት መልካም ነው፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

የውጅግራ ጥይት በአገራችን ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ባዶው ቀለህም ዋጋ ነበረው፤ በአገር ውስጥ ባሩድና አረር እየተሞላ ዳግመኛ ይተኮስ ነበር። ነገር ግን ደጋግሞ የተተኮሰ ናስ እየደረቀ ይሄዳል፣ ይሰነጠቃል፣ በማደሪያውም ይጣበቃል።

የቀለህ አሠራር ጉድለት በሠለጠነ ሠራዊት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ በጥር 1885 በሱዳን አቡ ክሌያ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ወታደሮች ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ የታጠቁ ነበሩ። የጥይቱ ቀለህ ከስስ ናስ የተጠቀለለ እንጂ ከአንድ ወጥ ናስ የተሠራ አልነበረም። በሙቀትና በአሸዋ መካከል ቀለሁ በማደሪያው ሲጣበቅ ሳቢው ግርጌውን ብቻ ገንጥሎ ያወጣ ነበር፤ ቀሪው እዚያው ስለሚሰነቀር ጠመንጃው ከዱላ አይሻልም ነበር። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ወጥ ወደሆነው ቀለህ ለመሸጋገር ተገደዋል።

ካዝና ሲመጣ

ቀጣዩ ጥያቄ ብዙ ጥይት በጠመንጃው ውስጥ እንዴት ይቀመጥ የሚል ነበር። የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የዐድዋ ጦርነት በዚህ ሽግግር መካከል የተካሄደ ነው። ከጣሊያን ጦር አብዛኛው የያዘው ቬተርሊ ቪታሊ እ.ኤ.አ በ1870 ባለ አንድ ጥይት ሆኖ የተሠራና እ.ኤ.አ በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የተጨመረለት ጠመንጃ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት ደግሞ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ሌላም ዓይነት ይዞ ዘምቷል። የእነዚህ ጠመንጃዎች አፈሙዝ በስፋት ቢቀራረብም የአንዱ ቀለህ በሌላው ማደሪያ አይገጥምም። ይህን ሁሉ ዓይነት ጥይት ለየባለ ጠመንጃው ለይቶ ማድረስ ራሱን የቻለ ታላቅ የስንቅና ትጥቅ ሥራ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የፈረንሳዩ ሌቤል እ.ኤ.አ በ1886 ሲወጣ ጢስ አልባ ባሩድ የተጠቀመ የመጀመሪያው የሠራዊት ጠመንጃ ሆነ። ስምንት ጥይቶቹን የሚያስቀምጠው ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ አንዱን ከሌላው ኋላ በመደርደር ነው። በዚህ አደራደር የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ጥይት መለኮሻ ይነካል፤ ጫፋቸው የሾለ ጥይቶች ሲመጡ ይህ አሳሳቢ ሆኗል። ቱቦውም አንድ በአንድ የሚሞላ በመሆኑ ጊዜ ይፈጃል።

የኦስትሪያው ማንሊኸር መፍትሔውን በሌላ መንገድ አገኘ። በአገራችን ምንሽር የሚለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው። አምስት ጥይቶች በአንዲት የብረት ማቀፊያ ተይዘው ከነማቀፊያቸው በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ የመጨረሻው ጥይት ወደ ማደሪያው ሲያልፍ ባዶዋ ማቀፊያ በታች በኩል ትወድቃለች። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አገራችንን ስትወር የታጠቀችው ካርካኖም በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ ሆኖ ስድስት ጥይት ይይዛል። ጀርመናዊው ማውዘር እ.ኤ.አ በ1898 ባወጣው ጠመንጃ ደግሞ ማቀፊያዋ ውጭ ትቀራለች፤ ተኳሹ በአውራ ጣቱ አምስቱን ጥይት ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። የማውዘር ታላቅ ብልሃት ግን ጥፍሩ ነው። ጥይቱ ከካዝናው ገና ብቅ ሲል ጥፍሩ ከንፈሩን ይይዘዋል፣ እስኪወጣም አይለቀውም። ስለዚህ የተደናገጠ ተኳሽ መዝጊያውን በግማሽ ስቦ ቢመልሰው እንኳ ሁለት ጥይት ተደራርቦ አይሰነቀርም። ከማውዘር ዘር የሆኑ የቤልጅግ ጠመንጃዎች ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ሠራዊት ተገዝተው ነበር።

ራሱን የሚያጎርስ መሣሪያ

እስከዚህ ድረስ የተጠቀሱት ሁሉ የሚሠሩት በሰው ክንድ ነው። እ.ኤ.አ በ1884 ሂራም ማክሲም የተባለው የፈጠራ ሰው የተኩሱ ግፊት በከንቱ እንዳይባክን በማድረግ ቀለህ እንዲያወጣና አዲስ ጥይት እንዲያጎርስ የሚያስችል መትረየስ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ራስ አጉራሽ መሣሪያዎች ኃይላቸውን የሚያገኙት በሦስት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ማክሲም ያሉት አፈሙዙና መዝጊያው ተቆላልፈው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ከሚገኘው ኃይል፣ ሌሎች ከአፈሙዙ በቀዳዳ ከሚቀዳ ጋዝ፣ ቀላሎቹ ደግሞ ቀለሁ ራሱ ያልተቆለፈውን መዝጊያ ወደ ኋላ ከሚገፋበት ግፊት።

በጋዝ ከሚሠሩት መካከል ኤም ዋን ጋራንድ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የታጠቀው በመሆኑ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ስምንት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ማቀፊያው እየጮኸ ተወርውሮ ይወጣል፣ መዝጊያውም ክፍት ሆኖ ይቆማል። ባዶ መሆኑን በድምፅም በዓይንም ይናገራል።

ክላሽንኮቭ እንዲህ አይደለም። ዛሬ በአገራችን በስፋት የሚታየው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ በ1949 በሶቪየት ሠራዊት ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን፣ ጥይቱ 7.62 ሚሊ ሜትር፣ የተለመደው ካዝናው ባለ 30 ጥይት ነው። ጥይቱ በአፈሙዙ ሲያልፍ ከጋዙ ጥቂቱ በላይ በኩል ባለች ቀዳዳ ይገባና ፒስተኑን ወደ ኋላ ይመታል። ፒስተኑ ከመዝጊያው ተሸካሚ ጋር አንድ አካል ነው። ተሸካሚው ወደ ኋላ ሲሄድ መዝጊያውን ያሽከረክረዋል፤ መቆለፊያዎቹ ይለቃሉ፤ ጥፍሩ ቀለሁን ይስባል። ቀለሁ በጠመንጃው አካል ላይ ካለች ጉጥ ጋር ይጋጭና በቀኝ በኩል ተወርውሮ ይወጣል። ሞላው መዝጊያውን ወደ ፊት ሲመልሰው ከካዝናው አፍ አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። መሣሪያው በተከታታይ ሲተኩስ በደቂቃ 600 ያህል ጥይት ስለሚተፋ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። የጥይቱ ቀለህ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ ከማደሪያው በቀላሉ ይላቀቃል፤ ማደሪያውም በክሮም የተለበጠ ነው።

እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ያሳየው የአሜሪካው ኤም 16 ነው። ጉዳዩ ከተኳሹ ይልቅ ቢሮ ውስጥ የሚወስኑ ሰዎችን የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማንሣት ተገቢ ነው። ጠመንጃው ሲነደፍ ታስቦለት የነበረው የባሩድ ዓይነት እ.ኤ.አ በ1964 በሌላ ተተካ። አዲሱ ባሩድ የመተኮስ ፍጥነቱን ጨመረ፣ የሚተወውም ጥላሸት ችግር ሆነ። ማደሪያው በክሮም አልተለበጠም ነበር። መሣሪያው ብዙ ጽዳት አይፈልግም የሚል አስተሳሰብ በመስፈኑም ወደ ቬትናም ሲላክ በቂ የማጽጃ ዕቃ አልተከተለውም። ውጤቱ በውጊያ መካከል ቀለህ በማደሪያው መጣበቅ ሆነ። ወታደሮች በዘንግ ከፊት በኩል ቀለሁን ለመግፋት ይገደዱ ነበር፤ ይህም ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረው ዘንግ መመለስ ማለት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ በጥቅምት 1967 ባወጣው ሪፖርት የሠራዊቱን የሥራ አመራር በብርቱ ወቅሷል። ማደሪያው በክሮም ተለበጠ፣ የማጽጃ ዕቃና የጽዳት መመሪያ ተላከ፣ ችግሩም ቀነሰ። የጥይት ግዥ ከጠመንጃ ግዥ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ባዶ ነው ከማለት በፊት

መሣሪያ ለምዝገባ ወይም ለርክክብ ሲቀርብ «ባዶ ነው» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ ካዝናው ተነቅሏል ከማለት አያልፍም። ካዝና መንቀል ግን ቀደም ሲል የተቀባበለውን ጥይት ከማደሪያው አያወጣውም። ክላሽንኮቭ ያለ ካዝና አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ማካሮቭ ሽጉጥም እንዲሁ። የተለመደው ክላሽንኮቭ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ መዝጊያው ክፍት ሆኖ ስለማይቆም፣ ባዶውና የጎረሰው በውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደዞረና ጣት ከምላጩ እንደራቀ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፤ ቀጥሎ መዝጊያው እስከ መጨረሻው ተስቦ በማደሪያው ያለው ጥይት ይወጣል፤ ከዚያ ማደሪያው በዓይን ይታያል። መዝጊያው ተስቦ ካዝናው ኋላ ቢነቀል ግን የመጀመሪያው ጥይት ይወጣና መዝጊያው ሲመለስ ሌላ ያጎርሳል። መሬት ላይ የወደቀችውን ጥይት ያየ ሰው ጠመንጃው ባዶ ሆነ ብሎ ያምናል፤ አደጋው የሚደርሰው በዚህ እምነት ነው። ባዶነቱን ለማረጋገጥ ምላጭ መሳብም ማረጋገጫ ሊባል አይችልም። በክላሽንኮቭ ላይ በቀኝ በኩል ያለው ማዞሪያ ወደ ላይ ሲሆን መዝጊያው ሙሉ በሙሉ አይሳብም፤ ስለዚህ ለፍተሻ ወደ ታች መውረድ አለበት። ያን ጊዜ ጠመንጃው ለመተኮስም ክፍት ነውና ሥራው ለሠለጠነ የጥበቃ አባል ቢተው ይመረጣል።

ክፍት መዝጊያም ሁልጊዜ የደህንነት ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ ያስፈልጋል። ኡዚና ፒ ኬ ኤም የተባለው መትረየስ ከመተኮሳቸው በፊት መዝጊያቸው ወደ ኋላ ተስቦ የሚጠብቅ ነው። ለመትረየስ ይህ የተመረጠው በተከታታይ ተኩስ የጋለ ማደሪያ ውስጥ የተቀመጠ ጥይት ከሙቀቱ የተነሣ ራሱ እንዳይተኮስ ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ጥይት እያለ መዝጊያው ክፍት ከሆነ መሣሪያው ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ምላጩ ሲሳብ መዝጊያው ወደ ፊት እየሮጠ ያጎርሳል፣ ይተኩሳል።

የተተፋው ቀለህም ከመሣሪያው ተለይቶ ይናገራል። በግርጌው የመርፌው ምት፣ በከንፈሩ የጥፍሩ ጭረት፣ በጠርዙ የጉጧ ጠባሳ ይቀራል። እ.ኤ.አ በየካቲት 1929 በቺካጎ ሰባት ሰዎች በተገደሉበት ጊዜ ካልቪን ጎዳርድ የተባለው ባለሙያ ከሥፍራው የተሰበሰቡትን 70 ቀለሆች መርምሮ ከሁለት ቶምሰን መሣሪያዎች የተተፉ መሆናቸውን ለይቷል። ከወራት በኋላ በሚቺጋን ከአንድ ተጠርጣሪ ቤት የተያዙት ሁለት ቶምሰኖችም በሙከራ ተኩስ ከቀለሆቹ ጋር ገጠሙ። በአንጻሩ ተሽከርካሪ ካዝና ያለው ሽጉጥ ቀለሁን በሆዱ ይዞት ስለሚሄድ፣ በሥፍራው ቀለህ አለመገኘቱ ብቻውን ተኩስ አልነበረም አያሰኝም። ቀለህ በባዶ እጅ የሚነሣ፣ በአንድ ከረጢት ተቀላቅሎ የሚታሰር ከሆነ ምልክቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ የተገኘበትም ቦታ አይታወቅም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2004 የተፈረመው የቀላልና አነስተኛ የጦር መሣሪያዎች የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል ስትሆን፣ በአገር ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ በ2005 ያጸደቀው የመሣሪያ መከታተያ ሰነድ መለያው ቁጥር ቢጠፋ መሣሪያው ለዘለቄታው የማይሠራ በሚሆንበት ዋና አካል ላይ እንዲቀረጽ ይጠይቃል። ምክንያቱ ከላይ ከተገለጸው አሠራር ይገኛል። ካዝና ይለዋወጣል፤ መዝጊያም ከአንዱ ክላሽንኮቭ ተፈትቶ ለሌላው ሊገጠም ይችላል፤ መርፌውና ጥፍሩ ያሉት ደግሞ በመዝጊያው ላይ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የሚሞላው በጠመንጃው ዋና አካል ላይ ባለው ቁጥር ሲሆን፣ በመዝጊያው ላይ ሌላ ቁጥር ከተገኘ እርሱም ለብቻው ይጻፋል።